የመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ ድራይቨር ያለ መሥሪያ ቤቱ ፈቃድ መለወጥ የለበትም

በኮምፒውተር ደኅንነት ሥልጠናዎች፣ በመሥሪያ ቤቶች የአይቲ መመሪያዎችና በአምራች ኩባንያዎች ምክር ውስጥ ብዙም ሳይመረመር ሲደጋገም የኖረ አንድ አቋም አለ፤ ይኸውም ለኮምፒውተር የሚወጣ ማዘመኛ፣ በተለምዶ አፕዴት የሚባለው፣ ዓይነቱ ምንም ይሁን ምን በወጣበት ቀን ያለ ሰው ውሳኔ በእያንዳንዱ ላፕቶፕ ላይ ራሱን ሊጭን ይገባዋል፣ ይህን የሚያዘገይ ወይም የሚከለክል የአይቲ ባለሙያም መሥሪያ ቤቱን ለአደጋ ያጋልጣል የሚል ነው። አቋሙ ከመልካም ሐሳብ የመነጨ ቢሆንም በባሕርያቸው የተለያዩ ሁለት ነገሮችን፣ የደኅንነት ቀዳዳ መድፈኛንና የመሣሪያ ድራይቨርን፣ በአንድ ስም ጠርቶ በአንድ ሕግ ስለሚያስተዳድር ስሕተት ነው። የመጀመሪያው ሳይዘገይ በራሱ ሊጫን ይገባዋል፤ ሁለተኛው ግን መሥሪያ ቤቱ ፈትኖ ሳይፈቅድለት ወደ ሠራተኞቹ ላፕቶፕ መግባት የለበትም።

የአስገዳጅ ዝመና ደጋፊዎች ደጋግመው የሚጠቅሱት ማስረጃ እ.ኤ.አ. በ2017 የደረሰው የዋናክራይ ጥቃት ነው። ማይክሮሶፍት፣ ኮምፒውተሮች በኔትዎርክ ፋይል በሚጋሩበት የዊንዶውስ ክፍል ውስጥ የተገኘውን ቀዳዳ የሚደፍን ማዘመኛ በዚያ ዓመት ማርች 14 ቀን አውጥቶ ነበር፤ ፋይል ቆልፎ ቤዛ የሚጠይቀው ተንኮል አዘል ሶፍትዌር የተሠራጨው ደግሞ ሜይ 12 ቀን፣ ሁለት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ማዘመኛውን ያልጫኑ ተቋማት፣ የእንግሊዝ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ሆስፒታሎች ጭምር፣ የሕሙማንን ቀጠሮ እስከ መሰረዝ የደረሰ ጉዳት ደረሰባቸው። ይህን ማስረጃ ማስተባበል አይቻልም፤ ሊያስተባብለው የሚሞክርም የተሳሳተ ነው። ነገር ግን ማስረጃው የሚያስረዳው ምን እንደሆነ በጥንቃቄ መታየት አለበት። ቀዳዳው በዊንዶውስ በራሱ ውስጥ ነበር፣ የደፈነውም የዊንዶውስ የደኅንነት ማዘመኛ ነበር፤ የድምፅ ካርድ፣ የስክሪን ወይም የፕሪንተር ድራይቨር በጉዳዩ ውስጥ ቦታ አልነበረውም። ከዚህ ታሪክ ተነሥቶ የማንኛውም አምራች ድራይቨር በወጣበት ቀን በሁሉም ላፕቶፖች ላይ ይጫን ወደሚል መደምደሚያ መሻገር ማስረጃው የማይሸከመውን ሸክም መጫን ነው።

ድራይቨር ስርዓተ ክወናው፣ ለምሳሌ ዊንዶውስ፣ ከአንድ የተወሰነ ሃርድዌር ጋር የሚግባባበት ሶፍትዌር ነው፤ ስክሪኑ፣ ድምፁ፣ ዋይፋዩ፣ የቁልፍ ሰሌዳውና ፕሪንተሩ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ድራይቨር አላቸው። ብዙዎቹ የሚሠሩት ከርነል በሚባለው የስርዓቱ አስኳል ውስጥ ነው። እንደ ኤክሴል ያለ ተራ ፕሮግራም ሲበላሽ እርሱ ብቻ ተዘግቶ ሌላው ሥራ ይቀጥላል፤ ከርነል ውስጥ ያለ ድራይቨር ሲሳሳት ግን ዊንዶውስ ሥራውን በሙሉ አቁሞ በተለምዶ ሰማያዊ ስክሪን የሚባለውን የብልሽት ገጽ ከማሳየት ሌላ አማራጭ የለውም፤ ያልተቀመጠው ሰነድም አብሮ ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ2001 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሊኑክስን ከርነል መርምረው በድራይቨር ኮድ ውስጥ ያለው የስሕተት መጠን ከተቀረው የከርነል ክፍል ከ3 እስከ 7 ጊዜ እንደሚበልጥ አሳይተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ጥናት ደግሞ በዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ በዚያን ጊዜ ከተመዘገቡት ብልሽቶች 85 በመቶውን ያስከተሉት ድራይቨሮች መሆናቸውን ጠቅሷል። አኃዞቹ የቆዩ ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ የድራይቨር ፍተሻና የዲጂታል ፊርማ አሠራር ብዙ ተሻሽሏል። መንሥኤው ግን ዛሬም እንዳለ ነው፤ ስርዓተ ክወናውን የሚሠራው አንድ ኩባንያ ሲሆን ድራይቨር የሚጽፉት የሥራ ጥራታቸው የተለያየ እጅግ ብዙ አምራቾች ናቸው፣ እያንዳንዱ ድራይቨርም ማንም አስቀድሞ ሊፈትነው ከማይችል የማዘርቦርድ፣ የፈርምዌር፣ ማለትም በራሱ በሃርድዌሩ ውስጥ ተቀምጦ ኮምፒውተሩ ሲነሣ ቀድሞ የሚሠራው ሶፍትዌር፣ እና የሌሎች ድራይቨሮች ጥምረት ጋር አብሮ መሥራት ይጠበቅበታል።

አስገዳጁ አሠራር የቆመበት ሌላው ግምት አዲስ የተባለው ሁሉ ከነበረው ይሻላል የሚል ሲሆን፣ ይህም የድራይቨር አመራረጥ እንዴት እንደሚካሄድ ካለማወቅ የሚመጣ ነው። ዊንዶውስ ለአንድ መሣሪያ የሚስማማውን ድራይቨር የሚፈልገው መሣሪያው ስለ ራሱ በሚሰጠው መለያ፣ በሃርድዌር አይዲ፣ አማካይነት ነው፤ ሁለት ድራይቨሮች በመለያና በሌሎቹ መመዘኛዎች እኩል ሲሆኑ በእያንዳንዳቸው ላይ የተጻፈውን ቀን፣ ከዚያም የቅጂ ቁጥራቸውን ያወዳድራል። ቀኑን የሚጽፈው አምራቹ ራሱ ነው። ማይክሮሶፍት ከዊንዶውስ ጋር አብረው የሚመጡትን የራሱን ድራይቨሮች የአምራቾቹ እንዲቀድሙ ሲል ጁን 21 ቀን 2006 የሚል ቀን ይሰጣቸዋል፤ ኢንቴል ደግሞ ለቺፕሴት ድራይቨሮቹ፣ የተሻለውን እንዳይተኩ ብሎ፣ ጁላይ 18 ቀን 1968 የሚል ቀን ይጽፍባቸዋል፤ ይህም ኩባንያው የተመሠረተበት ቀን ነው። በሥራ ላይ ያለ ድራይቨር ራሱ ከመጻፉ በፊት የነበረ ቀን ሊሸከም የሚችል ከሆነ፣ ቀኑ ስለ ጥራቱ ምንም እንደማይናገር ግልጽ ነው። ከዚህ በላይ የላፕቶፕ አምራቾች የስክሪን፣ የድምፅና የኃይል አጠቃቀም ድራይቨሮችን ለየሞዴላቸው አስተካክለው ያቀርባሉ፤ በራሱ የሚመጣው ማዘመኛ ደግሞ ይህን የተስተካከለ ቅጂ በሌላ ሊተካው ይችላል። የግራፊክስ ቺፕ ሠሪው ኤኤምዲ፣ ዊንዶውስ አፕዴት ተጠቃሚዎች የጫኑትን የራሱን ድራይቨር በሌላ ቅጂ ሊተካባቸው እንደሚችል ለደንበኞቹ በይፋ ለማሳወቅ እስከ መገደድ ደርሷል።

ከዚህ አሠራር የመጡ ጉዳቶች በመላምት ላይ የተመሠረቱ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2018 በዊንዶውስ አፕዴት በኩል የተሠራጨ የኤችፒ የቁልፍ ሰሌዳ ድራይቨር፣ ቅጂ 11.0.3.1፣ የደረሰባቸውን ኮምፒውተሮች ሰማያዊ ስክሪን ላይ ጥሏቸው ማይክሮሶፍት ድራይቨሩን የሚያስወግድ ሌላ ማዘመኛ ለማውጣት ተገድዷል፤ በዚያው ወር የማይስማማቸው የኢንቴል የድምፅ ድራይቨር በስሕተት ተልኮላቸው ድምፃቸው የጠፋ ኮምፒውተሮችም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ደግሞ የልዩ ልዩ አምራቾች ፕሪንተሮች በዊንዶውስ ውስጥ የአንድ ኤችፒ ሞዴል ስም ተሰጥቷቸው፣ የኤችፒ አፕሊኬሽንም ማንም ሳይጠይቀው ራሱን በኮምፒውተሮቹ ላይ ሲጭን ታይቷል። በእነዚህ ጊዜያት ሁሉ ጉዳት የደረሰባቸው ሰዎች ያጠፉት ጥፋት አልነበረም፤ የተባሉትን በታማኝነት የፈጸሙ፣ ዝመናውን ያልዘጉ ሰዎች ናቸው።

ከሁሉም በላይ ሊታወስ የሚገባው ግን እ.ኤ.አ. በ2014 የተከሠተው የኤፍቲዲአይ ጉዳይ ነው፤ ምክንያቱም በራሱ የሚጫን ድራይቨር የማንን ጥቅም ሊያስከብር እንደሚችል ከእርሱ የበለጠ የሚያሳይ የለም። ኤፍቲዲአይ የስኮትላንድ ኩባንያ ሲሆን፣ የላቦራቶሪ መሣሪያዎች፣ የፋብሪካ መቆጣጠሪያዎችና ሌሎች የቆዩ መሣሪያዎች በዩኤስቢ ገመድ ከኮምፒውተር ጋር እንዲገናኙ የሚያስችሉ ቺፖችን ይሠራል። ቺፖቹ በሰፊው ተመሳስለው ይሠሩ ስለነበር፣ ኩባንያው አስመሳይ ቺፕ ሲያገኝ በቺፑ ውስጥ የተጻፈውን መለያ ቁጥር ወደ ዜሮ የሚለውጥ ድራይቨር አዘጋጀ፤ ይህም ድራይቨር በዊንዶውስ አፕዴት በኩል ተሠራጨ። ለውጡ የሚጻፈው በመሣሪያው ውስጥ እንጂ በኮምፒውተሩ ላይ ስላልነበረ፣ መሣሪያው ከዚያ በኋላ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ቢወሰድም አይታወቅም ነበር። መሣሪያውን በሕጋዊ መንገድ ከታወቀ ሻጭ የገዛ ተቋም በውስጡ ያለው ቺፕ እውነተኛ ይሁን አስመሳይ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ተቃውሞ በመነሣቱ ድራይቨሩ ከዊንዶውስ አፕዴት ተነሣ። በኩባንያውና በአስመሳዮቹ መካከል የነበረው ጠብ ፍትሐዊ መነሻ ነበረው፤ የጠቡ ሜዳ ግን ጉዳዩን የማያውቀው የሦስተኛ ወገን ንብረት ሆነ፣ በሩን የከፈተውም ያለ ፈቃድ የሚጫን ድራይቨር ነው። አንድ መሥሪያ ቤት በገዛ ገንዘቡ የገዛው መሣሪያ በሌሎች የንግድ ክርክር እንዳይሰናከል ድራይቨርን የመከልከል መብት ያስፈልገዋል ማለት ማጋነን አይደለም።

እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2024 የደረሰው ውድቀት ደግሞ የጉዳዩን ስፋት አሳይቷል። ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ኩባንያ በከርነል ውስጥ ለሚሠራው ድራይቨሩ በላከው የተበላሸ ፋይል ምክንያት፣ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ወደቁ፤ አየር መንገዶች በረራ ሰረዙ፣ ባንኮችና ሆስፒታሎች ሥራቸው ተስተጓጎለ። በጥብቅ አነጋገር የተላከው ድራይቨሩ ራሱ ሳይሆን ድራይቨሩ የሚያነበው ፋይል ነበር፤ ለዚህ ክርክር የሚጠቅመው ነጥብም ከዚያ ላይ ነው። ብዙ ደንበኞች የሶፍትዌሩን አዲስ ቅጂ በወጣበት ጊዜ ሳይሆን አንድ ቅጂ ወደ ኋላ ቆይተው እንዲወስዱ መርጠው ነበር፤ ይህ ምርጫቸው ግን እንዲህ ያሉትን ፋይሎች ስለማይሸፍን ጥንቃቄያቸው አላዳናቸውም። ኩባንያው ፋይሉን የመለሰው በ78 ደቂቃ ውስጥ ቢሆንም የወደቀ ኮምፒውተር ማስተካከያውን ከኢንተርኔት መቀበል አይችልም፤ ስለሆነም ባለሙያዎች ብዙዎቹን ኮምፒውተሮች አንድ በአንድ ሴፍ ሞድ በሚባለው የጥገና ሁኔታ ከፍተው ፋይሉን በእጃቸው ማጥፋት ነበረባቸው። ከውድቀቱ በኋላ ኩባንያው እንዲህ ያሉትን ፋይሎች በየደረጃው ለማሠራጨትና ደንበኞች መቼና የት እንደሚጫኑ የመወሰን ሰፊ ሥልጣን እንዲኖራቸው ለማድረግ ቃል ገባ። የፈጣን ዝመናን አስፈላጊነት ከማንም በላይ ሊሟገትለት የሚችል የደኅንነት ኩባንያ ራሱ ይህን ከተቀበለ፣ የስክሪን ወይም የድምፅ ድራይቨር ሳይፈተን ይጫን ብሎ የሚከራከር ወገን ምን እንደሚቀረው መናገር ያስቸግራል።

በጽኑ ሊመለስ የሚገባው ተቃውሞ ድራይቨሮችም የደኅንነት ቀዳዳ አለባቸው የሚለው ነው፤ እውነትም አለባቸው። እ.ኤ.አ. በሜይ 2021 በዴል ኮምፒውተሮች ላይ የሚገኝ አንድ ድራይቨር ለ12 ዓመታት ያህል ሳይታወቅ የኖረ፣ ተራ ተጠቃሚን ወደ ከርነል ሥልጣን ሊያደርስ የሚችል ቀዳዳ እንዳለበት ይፋ ሆኗል። ይህን ጉዳይ የሚጠቅሱ ሰዎች የሚያልፉት አንድ ነገር ግን አለ፤ ድራይቨሩ ወደ ኮምፒውተሮቹ የገባው በፈርምዌር ማዘመኛ መሣሪያዎች ውስጥ ታሽጎ ነው። ቀዳዳውን ያመጣው የዝመና አሠራሩ ራሱ ነበር ማለት ነው። በሌላ በኩል አጥቂዎች የታወቀ ቀዳዳ ያለበትን፣ በሕጋዊ ፊርማ የተፈረመ አሮጌ ድራይቨር ይዘው መጥተው ራሳቸው የሚጭኑበት ዘዴ ተስፋፍቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ሮቢንሁድ የተባለው ቤዛ ጠያቂ ሶፍትዌር የጊጋባይት ኩባንያን አሮጌ ድራይቨር በዚህ መንገድ መጠቀሙ ተደርሶበታል። እንዲህ ያለውን ጥቃት በላፕቶፑ ላይ ያለው ድራይቨር አዲስ መሆኑ አያስቆመውም፤ ምክንያቱም አጥቂው የሚጠቀመው የራሱን ነው። የሚያስቆመው ዊንዶውስ ቀዳዳ ያለባቸውን ድራይቨሮች እንዳይጫኑ የሚከለክልበት ዝርዝር ሲሆን፣ ይህም ዝርዝር እ.ኤ.አ. ከ2022ቱ የዊንዶውስ 11 ቅጂ ጀምሮ በነባሪነት በሥራ ላይ ውሏል። የሚመጣውም ከዊንዶውስ ጋር ስለሆነ ድራይቨርን የሚከለክል መሥሪያ ቤት አይነፈገውም። በመሥሪያ ቤቱ ላፕቶፖች ላይ ያለ ድራይቨር ቀዳዳ እንዳለበት ሲታወቅ ደግሞ ያ ድራይቨር ተለይቶ፣ በአስቸኳይ፣ ፈተናውም አጥሮ ሊጫን ይችላል፤ ለአንዱ አስቸኳይ ድራይቨር ሲባል ለማይታወቁት ሁሉ በር መክፈት አያስፈልግም።

ደኅንነትን ወይስ መረጋጋትን የሚለው ምርጫም ሐሰተኛ ነው፣ ምክንያቱም ዊንዶውስ ሁለቱን ለያይቶ ለማስተዳደር የሚያስችል መሣሪያ አለው። ግሩፕ ፖሊሲ በሚባለው፣ ብዙ ኮምፒውተሮችን ከአንድ ቦታ በሚያዝዘው አሠራር ውስጥ፣ ድራይቨሮች ከዊንዶውስ ማዘመኛዎች ጋር እንዳይካተቱ የሚያደርግ ትእዛዝ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ይገኛል፤ ይህ ትእዛዝ ሲበራ ወርኃዊው የደኅንነት ማዘመኛ እንደ ወትሮው ይገባል፣ ድራይቨሩ ግን ይቀራል። አንድን መሣሪያ ብቻ ለይቶ በመለያው መከልከልም ይቻላል። ላፕቶፖቻቸውን ኢንቲዩን በተባለው የማይክሮሶፍት አገልግሎት የሚያስተዳድሩ ተቋማት እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ እያንዳንዱን ድራይቨር አይተው የሚያጸድቁበት ገጽ ተሰጥቷቸዋል። ማይክሮሶፍት፣ መሥሪያ ቤቶች ማዘመኛዎችን በራሳቸው ሰርቨር ተቀብለው መርጠው የሚያሠራጩበት አሮጌ አገልግሎት ከእ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2025 በኋላ ድራይቨር መቀበሉን እንደሚያቆም አስታውቆ ነበር፤ ቀኑ ሲቃረብ ግን፣ በተለይ ከኢንተርኔት የተለዩ ኮምፒውተሮች ያሏቸውን ተቋማት አስተያየት ሰምቶ፣ ውሳኔውን አራዝሟል። ድራይቨርን መቆጣጠር ኋላ ቀርነት ነው የሚሉ ሰዎች ሠሪው ኩባንያ ራሱ ለዚህ ቁጥጥር መሣሪያ ሲያዘጋጅና ሲያቆይ ማየት አለባቸው።

በኢትዮጵያ ላሉ መሥሪያ ቤቶች ጉዳዩ ተጨማሪ ክብደት አለው። የግራፊክስ ድራይቨር በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ሊሆን ይችላል፤ የክልል ቅርንጫፎች ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚሠሩት በመጠን በሚገዛ የሞባይል ዳታ ነው። ፈርምዌር በዊንዶውስ አፕዴት በኩል የሚመጣው በድራይቨር መልክ ነው፤ በሚጻፍበት ጊዜ ኃይል ቢቋረጥ፣ ባትሪው ለደከመ አሮጌ ላፕቶፕ የሚያስከትለው አደጋ ማዘርቦርድ እስከ ማስለወጥ ይደርሳል። ዲስካቸው ቢትሎከር በተባለው ምስጠራ በተቆለፈ ላፕቶፖች ላይም የፈርምዌር ለውጥ ኮምፒውተሩ ሲነሣ ባለ 48 አኃዝ የመክፈቻ ቁጥር እንዲጠይቅ ሊያደርገው ይችላል። ቁጥሩ አዲስ አበባ በሚገኝ የአይቲ ክፍል መዝገብ ውስጥ፣ ሠራተኛዋ ግን ጎንደር ወይም ጅማ ቅርንጫፍ ባለጉዳይ ፊት ተቀምጣ ባለችበት ሰዓት፣ ማንም ያላዘዘው ለውጥ የአንድን ቅርንጫፍ የዕለት ሥራ ያስቆማል። ይህ ሸክም የሚወድቀው ማዘመኛውን በላከው ኩባንያ ላይ አይደለም፤ ለባለጉዳዩ ይቅርታ በምትጠይቀው ሠራተኛ ላይ ነው፣ እርሷም ለጥፋቱ ምንም ድርሻ የላትም።

አስገዳጅነቱ በመጨረሻ የሚጎዳው አስጠብቀዋለሁ ያለውን ደኅንነት ራሱን ነው። ድራይቨር ሥራውን ያበላሸበት ሰው የደኅንነት ማዘመኛንና ድራይቨርን ለይቶ አይወቅስም፤ የሚያውቀው አፕዴት እንደጎዳው ብቻ ስለሆነ የዊንዶውስ አፕዴት አገልግሎትን ከነጭራሹ ያጠፋዋል፣ ወይም የኢንተርኔት ግንኙነቱን በክፍያ የተመጠነ ብሎ በመመዝገብ አብዛኛውን ዝመና ያስቆማል። እንዲህ የተዘጋ ላፕቶፕ የሚቀርበት ድራይቨሩ ብቻ አይደለም፤ ዋናክራይን የመሰለ ጥቃት የሚከላከለው ወርኃዊ ማዘመኛም ይቀርበታል። ሠራተኛው ይህን ማድረጉ ስሕተት ነው፤ ነገር ግን ሁለቱን አጣብቆ የሚልክ አሠራር እስካለ ድረስ ስሕተቱ ይደጋገማል። ድራይቨሩ በመሥሪያ ቤቱ ውሳኔ ሲመጣ ሠራተኛው ማዘመኛን የሚፈራበት ዋና ምክንያት ይወገዳል፣ የደኅንነት ማዘመኛውም ሳይቃወሙት ይገባል።

ቁጥጥሩ ሥራ እንደሚጠይቅ መካድ አይገባም። ድራይቨርን ከልክሎ መርሳት ከአስገዳጁ ዝመና የማይሻል ቸልተኝነት ነው፤ ከልካዩ ክፍል በየሩብ ዓመቱ የላፕቶፕ አምራቾችን የድራይቨር ማስታወቂያ የማንበብ፣ ከየሞዴሉ አንድ ወይም ሁለት ላፕቶፕ መርጦ በእውነተኛ ሥራ ላይ፣ በፕሪንተሩና በቪዲዮ ስብሰባው ጭምር፣ የመፈተን፣ የነበረውን ድራይቨር ቅጂ የማስቀመጥና ችግር ሲመጣ ወደ ቀድሞው የመመለስ ግዴታ አለበት። ይህ ለብቻው ለሚሠራ የአንድ አነስተኛ ቢሮ ባለሙያ ይከብዳል የሚለው ተቃውሞ ግማሽ እውነት ነው፤ ጥቂት ሞዴሎች ብቻ የሚገዛ ቢሮ የሚፈትነውም ጥቂት ነው፣ ከየቦታው የተሰባሰበ የላፕቶፕ ዓይነት ያለው ቢሮም ቢሆን የሚፈትንበት ጊዜ እስኪያገኝ የሚሠራውን ድራይቨር ሳይነካ ማቆየት ተጨማሪ ሸክም አይሆንበትም። ለግል ቤት የተዘጋጀው የዊንዶውስ ሆም ቅጂ የግሩፕ ፖሊሲ ማስተካከያ ስለሌለው፣ ግዥው ሲፈጸም ፕሮ የተባለው ቅጂ እንዲሆን በጨረታው ሰነድ ላይ መጻፍ ይገባል፤ ዋጋው ጥቂት ከፍ ቢልም ያለ እርሱ ቁጥጥሩ ከጅምሩ ይሰናከላል።

የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች በአይቲ መመሪያቸው ውስጥ ሁሉም ማዘመኛ ወዲያው ይጫን የሚለውን አንቀጽ አንሥተው፣ የደኅንነት ማዘመኛ ሳይዘገይ በራሱ እንዲጫን፣ ድራይቨርና ፈርምዌር ግን የአይቲ ክፍሉ ፈትኖ በጽሑፍ ሳያጸድቃቸው እንዳይገቡ የሚያዝዙ ሁለት የተለያዩ አንቀጾች ሊተኩበት ይገባል። የሚያስፈልገው ትእዛዝ ከእ.ኤ.አ. 2016 ጀምሮ በዊንዶውስ ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል፤ የአይቲ ኃላፊዎች ያብሩት።